መኪናችን እያለቀሰች ነው

ባለፈው ሐምሌ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የአጎቴ ልጅ ደወለችልኝ። «መኪናችን እያለቀሰች ነው» አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። «ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?» ስላት ሳቀችና ፎቶ ላከችልኝ። መኪናቸው በምትቆምበት ሲሚንቶ ላይ መዳፍ የሚያህል ጥቁር እድፍ ይታያል። ለካ «ዘይት ታንጠባጥባለች» ማለት ፈልጋ ነው። «ማንጠባጠብ» የሚለውን ቃል ስላላወቀችው በምታውቀው ቃል ተናገረች። እኔም ተረዳኋት።

የአጎቴ ልጅ የተወለደችው እዚህ ሜሪላንድ ነው። አሁን 18 ዓመቷ ነው። መኪናዋ የ2005 ቶዮታ ኮሮላ ናት። አጎቴ የገዟት ልጅቷ ገና ሕፃን እያለች ነው። ወደ መዋዕለ ሕፃናትም፣ ወደ ቅዳሜ የአማርኛ ትምህርትም ያመላለሰቻት ይህችው መኪና ናት። በመስከረም ኮሌጅ ስትጀምርም የምትነዳት እሷ ነበረች። አሁን ግን አጎቴ ሊሸጧት አስበዋል። አንድ ጋራዥ ለጥገናው 450 ዶላር ጠይቋቸዋል። የሥራ ሰዓታቸው ደግሞ በዚያው ሰሞን ተቀንሶባቸዋል። «ይህች መኪና ጡረታ መውጣት አለባት» አሉኝ። መኪናዋ ከተሸጠች ልጅቷ ኮሌጅ ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ መያዝና አንድ ሰዓት ተኩል መጓዝ ይኖርባታል።

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ለማስተርስ ትምህርት ወደዚህ አገር ስመጣ ግን ጋራዥ የምከፍለው ገንዘብ ስላልነበረኝ አሮጌ መኪናዬን ራሴ መጠገን ተምሬአለሁ። «ጋሼ፣ ሁለት ቅዳሜ ብቻ ይስጡኝ» አልኳቸው። «እስቲ እናያለን» አሉ።

ዘይቱ ለምን ይወጣል?

ሞተር አንድ ወጥ ብረት አይደለም። ብዙ ክፍሎች ተገጣጥመው ነው የሚሠሩት። ሁለት ብረቶች በሚገናኙበት ቦታ ዘይት እንዳይወጣ በመካከላቸው ከጎማ፣ ከወረቀት ወይም ከስስ ብረት የተሠራ ማሸጊያ ይገባል። በአማርኛ መካኒኮች «ጓርኒሲዮን» ይሉታል።

ጎማ ከሙቀት ጋር ብዙ ዓመት ሲኖር ይደርቃል። ለስላሳነቱን ያጣና እንደ ፕላስቲክ ይጠነክራል፤ ከዚያም ይሰነጠቃል። ዘይቱ በዚያ ስንጥቅ ቀስ እያለ ይወጣል። ስለዚህ የ20 ዓመት መኪና ዘይት ብታንጠባጥብ ሞተሩ ሞተ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ያረጀው ርካሹ ጎማ ነው።

ይሁን እንጂ ችላ አይባልም። ዘይቱ በጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ከፈሰሰ ይጨሳል፣ ይሸታል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። በሞተሩ ውስጥ ያለው ዘይት በጣም ካነሰ ደግሞ ብረት ከብረት ጋር እየተፋጨ ሞተሩ ይበላሻል። ስትነዱ ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ መንገድ ዳር ቁሙና ወዲያውኑ ሞተሩን አጥፉ።

ምንጩን መፈለግ፤ የእኔ ስህተት

በመጀመሪያው ቅዳሜ መኪናዋ ሥር ገብቼ አየሁ። ዘይቱ የሚንጠባጠበው ከታች፣ ዘይት ከሚለቀቅበት ቡሎን አጠገብ ነው። «አገኘሁት!» አልኩ። ዘይቱን ቀየርኩ፣ በቡሎኑ ላይ አዲስ ቀለበት አደረግሁ፣ አጥብቄ ዘጋሁ። አጎቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ያዩኝ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ እድፉ ተመልሶ መጣ።

በሥራዬ ላይ ይህን ስህተት በደንብ አውቀዋለሁ። ፕሮግራሙ የሚቆምበት ቦታና ችግሩ የተፈጠረበት ቦታ ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። ዘይትም እንደዚያው ነው። ከላይ ይወጣና በሞተሩ ጎን ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። በመጨረሻም ዝቅ ካለው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ መፈለግ ያለባችሁ ከሁሉም ከፍ ብሎ የረጠበውን ቦታ ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሥራውን በሥርዓት ጀመርን። እናንተም እንዲህ አድርጉ፦

1. ከመኪናው ሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፉና አሳድሩ። ጠዋት የጠብታውን ቦታና ቀለም ተመልከቱ። የሞተር ዘይት ቡናማ ወይም ጥቁር ነው። ቀይ ከሆነ ምናልባት የማርሽ ሳጥን ዘይት ነው። አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ከሆነና ጣፋጭ ሽታ ካለው የራዲያተር ፈሳሽ ነው።
2. ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቅባት በሚያጸዳ ፈሳሽና በጨርቅ በደንብ አጽዱት። በቆሸሸ ሞተር ላይ አዲሱን ዘይት ከአሮጌው መለየት አይቻልም።
3. ጥቂት ቀን ንዱት። ከዚያ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ከላይ ወደ ታች ተመልከቱ።
4. አሁንም ካልታየ በመለዋወጫ ሱቅ የሚሸጥ ልዩ ቀለም አለ። ከዘይቱ ጋር ይቀላቀልና በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ የሚያፈስበት ቦታ ያበራል።

እኛ ቀለሙ አላስፈለገንም። ሞተሩን ካጸዳን በኋላ የላይኛው ክዳን ጠርዝ ረጥቦ አገኘነው። ያረጀው የዚያ ክዳን ጓርኒሲዮን ነበር። በአሮጌ መኪኖች ላይ በጣም የተለመደ ችግር ነው፤ በቤት ለመሥራትም ከቀላሎቹ አንዱ ነው። አዲሱን ጓርኒሲዮን ከነትናንሽ ቀለበቶቹ በ30 ዶላር ገዛን።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፍቱ። ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ።

መኪናው ሥር የምትገቡ ከሆነ ደረቅና ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙት፤ የእጅ ፍሬን ያዙ፤ ከጎማው ኋላ ድጋፍ አድርጉ። ክሪክ መኪና ለማንሳት ብቻ ነው። ካነሳችሁ በኋላ መኪናው በብረት መቆሚያዎች ላይ ይረፍ። እኔ መቆሚያ ለማምጣት ሰንፌ ክሪኩን ብቻ ሳደርግ አጎቴ ከበረንዳው ተነስተው መጡ። «ክሪክ ይከዳል። ሲከዳም አይናገርም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ወደ በረንዳው አልተመለሱም።

የጋራዥ አማርኛ

አጎቴ ወንበር አምጥተው ከመኪናዋ አጠገብ ተቀመጡ። ወገባቸውን ስለሚያማቸው ማጎንበስ አይችሉም። ስለዚህ ልጃቸውን ማዘዝ ጀመሩ። «ካቻቢቴ አቀብዪኝ!» አሏት። ልጅቷ ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ ስልኳ ላይ ፈለገች። «አባዬ፣ ይሄ ቃል የለም» አለች። አጎቴ በጣም ሳቁ።

ታሪኩን የሰማነው ያኔ ነው። አጎቴ በልጅነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ሱማሌ ተራ አካባቢ በአንድ ጋራዥ ሠርተዋል። ሱማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ በብዛት የሚሸጥበት ሰፈር ነው። ሥራቸው ዕቃ ማጠብና ለመካኒኩ መሣሪያ ማቀበል ነበር። ልጃቸው ይህን አታውቅም ነበር። «ለምን አልነገርከኝም?» አለችው። «ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» አሏት።

ብዙዎቹ የጋራዥ ቃላት ወደ አማርኛ የገቡት ከጣሊያንኛ ነው። በዚያ ቀን እኒህን ተማረች፦

• ካቻቢቴ፦ ብሎን መፍቻ። ልጅቷ መጀመሪያ ያመጣችው ፒንሳ ነበር።
• ቡሎን፦ ሁለት ክፍሎችን አያይዞ የሚይዝ፣ በቁልፍ የሚጠብቅ ብረት።
• ቁልፍ፦ የበር ቁልፍ ብቻ አይደለም። ቡሎን የሚፈታውም ቁልፍ ይባላል። «10 ቁልፍ» ማለት የ10 ሚሊሜትር ቡሎን የሚፈታ ነው።
• ካንዴላ፦ በሞተር ውስጥ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠው ዕቃ። በጣሊያንኛ «ሻማ» ማለት ነው።
• ክሪክ፦ መኪና የሚያነሳ መሣሪያ።
• ኮፈን፦ የሞተሩ ክፍል የሚከፈትበት የመኪናው የፊት ክዳን።
• ቴስታታ፦ የሞተሩ ራስ። ከላይኛው ክዳን ቀጥሎ ያለው ነው።
• ጓርኒሲዮን፦ የእኛ ችግር!

ሥራው

የአጎቴ ልጅ እያንዳንዱን ነገር ከመፍታታችን በፊት በስልኳ ፎቶ አነሳች። የተፈቱትን ቡሎኖች በባዶ የእንቁላል መያዣ ውስጥ በተራ አስቀመጠች፤ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይም ከየት እንደወጣ በአማርኛ ጻፈች። በኋላ በጣም ጠቀመን።

በዚህ ሞተር ላይ መጀመሪያ የፕላስቲኩ ሽፋን ይነሳል። ቀጥሎ ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጡት አራቱ ኮይሎች ይወጣሉ፤ እያንዳንዳቸውን የያዛቸው አንድ ቡሎን ነው። ከኮይሎቹ ሥር፣ በካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ዘይት ካገኛችሁ የዚያም ቀለበት አርጅቷል ማለት ነው። ከዚያ ቱቦዎቹ ይነቀላሉ፣ በመጨረሻም በክዳኑ ዙሪያ ያሉት ቡሎኖች ይፈታሉ።

ክዳኑ በቀላሉ ካልተነሳ በካቻቢቴ አትፈልቅቁት፤ ፊቱ ከተጫረ እንደገና ያፈሳል። በጎማ መዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱት። አሮጌው ጓርኒሲዮን ሲወጣ በእጄ ውስጥ እንደ ደረቅ ፓስታ ተሰበረ።

ቀጥሎ ማጽዳት ነው። አጎቴ ብዙ ጊዜ እንድንሰጥ ያዘዙን እዚህ ላይ ነበር። አዲሱ ጎማ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አሮጌ ዘይትና ፍርፋሪ ከቀረ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ወደ ሞተሩ ውስጥ ቆሻሻ እንዳይገባም ተጠንቀቁ። በክዳኑ ላይ ያለውን ፒሲቪ የሚባል ትንሽ ቫልቭም ፈትሹ። በሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ የሚወጣው በእሱ በኩል ነው። ከተደፈነ ግፊቱ ይጨምርና ዘይቱን በአዲሱ ጓርኒሲዮን በኩል እንኳ ሊገፋው ይችላል። ዋጋው ትንሽ ስለሆነ እኛ ቀየርነው።

አዲሱን ጓርኒሲዮን በክዳኑ ቦይ ውስጥ አስገባን። የሰንሰለቱ ሽፋን ከቴስታታው ጋር በሚገናኝባቸው ሁለት ቦታዎች ላይ ትንሽ የሞተር ማሸጊያ ቅባት አደረግን። ክዳኑን መልሰን ቡሎኖቹን መጀመሪያ በእጅ ብቻ አስገባናቸው።

እዚህ ላይ ሁለተኛውን ስህተት ልሠራ ነበር። ዘይት እንዳይወጣ ብዬ በኃይል ማጥበቅ ጀመርኩ። «በቃ! እጅህን አንሳ! ልትቆርጠው ነው» አሉ አጎቴ። እውነታቸውን ነው። ከመጠን በላይ የጠበቀ ቡሎን ሊቆረጥ ወይም ጎማውን ጨፍልቆ ሊያበላሽ ይችላል። «ቶርክ ሬንች» የሚባለው ቁልፍ ልኩ ላይ ሲደርስ ድምፅ ያሰማል። ለዚህ ክዳን የሚበቃው ወደ 10 ኒውተን ሜትር ነው፤ ይህ በጣም ትንሽ ኃይል ነው። የእናንተን መኪና ልክ ከጥገና መጽሐፉ ተመልከቱ። ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር፣ በየተራ፣ በሁለት ዙር አጥብቁ። የመጨረሻውን ዙር የሠራችው የአጎቴ ልጅ ናት። አጎቴ የእያንዳንዱን ቡሎን ድምፅ ጮክ ብለው ይቆጥሩላት ነበር።

ማሸጊያ ቅባቱ እስኪደርቅ በቱቦው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠበቅን። ከዚያ ዘይቱን ለክተን ሞተሩን አስነሳን። አላፈሰሰም።

ለባለሙያ የሚተው ሥራ

ዘይቱ የሚወጣው ሞተሩና የማርሽ ሳጥኑ ከሚገናኙበት ቦታ ከሆነ በቤት አትሞክሩት። እዚያ ያለውን ማሸጊያ ለመቀየር የማርሽ ሳጥኑ መውረድ አለበት። ዘይትና የራዲያተር ፈሳሽ ከተቀላቀሉም ወደ ጋራዥ ውሰዱት። «ጨምሩበትና ማፍሰሱ ይቆማል» ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠው መድኃኒት የደረቀ ጎማን ለጊዜው ሊያለሰልስ ይችላል፤ የተሰነጠቀውን ግን አይጠግንም።

የወጣውን ዘይት በጭራሽ መሬት ላይ ወይም ጎርፍ መውረጃ ውስጥ አትድፉ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እንደሚለው ከአንድ የዘይት ቅያሬ የሚወጣው ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሊበክል ይችላል። ክዳን ባለው ዕቃ አጠራቅሙት። እዚህ አሜሪካ ብዙ የመለዋወጫ ሱቆች በነፃ ይቀበሉታል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ

አጎቴ መኪናዋን ለመሸጥ ያወጡትን ማስታወቂያ አነሱት። ልጃቸው ግን ካርቶኑን ከመኪናዋ ሥር አላነሳችም። በየቅዳሜው ቀኑን ትጽፍበትና ታየዋለች።

በነሐሴ አንድ በጣም ሞቃት ቀን ደወለችልኝ። «ካርቶኑ ላይ ጠብታ አየሁ» አለችኝ። ልቤ ደነገጠ። «ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?» አልኳት።

«አይቼዋለሁ። ቀለም የለውም፣ አይሸትም። ውሃ ነው። ስመጣ ኤሲ ከፍቼ ነበር» አለችኝ። ትንሽ ዝም ብላ ጨመረች፦ «መኪናችን አላለቀሰችም። አልቧት ነው።»

ከኋላዋ የአጎቴ ድምፅ ተሰማኝ። «ዘይቱንስ ለክተሻል?»

«ለክቻለሁ አባዬ» አለች።