ዕረፍት የሥራ ጠላት አይደለም

ሥራ ለሰው ልጅ ክብሩና መተዳደሪያው እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሥራን የሚወድ ሰው ዕረፍትን መጥላት የሚገባው የሚመስለው ብዙ ነው። በየመሥሪያ ቤቱም የዓመት ፈቃዱን ሳይወስድ ብዙ ዘመን የቆየ ሹም እንደ ትጉህ ሲመሰገን፥ በጊዜው ዐርፎ የተመለሰው ግን እንደ ሰነፍ ሲታማ ይሰማል። ይህ አስተያየት ቢመረመር ከእውነት የራቀ ሆኖ ይገኛል።

የዕረፍት ሕግ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በኦሪት ዘፀአት የሰንበት ዕረፍት የታዘዘው ለጌታው ብቻ ሳይሆን ለአገልጋዩ፥ ለመጻተኛውና ለበሬው ጭምር ነው፤ ምድሪቱም በሰባተኛው ዓመት ሳትታረስ እንድታርፍ ታዝዟል። በወንጌለ ማርቆስም ሐዋርያት ከተላኩበት በተመለሱ ጊዜ፥ ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ እህል የሚቀምሱበት ጊዜ እንኳ አጥተው ነበርና፥ ጌታ ወደ ምድረ በዳ ፈቀቅ ብለው ጥቂት እንዲያርፉ ነገራቸው። በኢትዮጵያም የቀዳሚት ሰንበትና የእሑድ ነገር ብዙ ዘመን ሲያከራክር ከቆየ በኋላ፥ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1450፥ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም እንዲከበሩ ተወሰነ። ባላገሩም ቢሆን ይህን ነገር ከእርሻው ተምሮታል። ያለ ዕረፍት በየዓመቱ የታረሰ መሬት ፍሬው እያነሰ ይሄዳል፤ ከጉልበቱ በላይ የተጠመደ በሬም ለከርሞ አይደርስም።

መንግሥታትም ይህንኑ በሕግ አጽንተውታል። ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 ለኢንዱስትሪ ሠራተኞች በየሰባቱ ቀን የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ፥ በ1936 ደግሞ የዓመት ዕረፍት ከነደመወዙ እንዲፈቀድ ስምምነት አወጣ። በኢትዮጵያ በ2011 ዓመተ ምሕረት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፥ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመትም 16 የሥራ ቀን ዕረፍት እንዲሰጥ ይደነግጋል። ሠራተኛው የዓመት ዕረፍቴን ትቻለሁ ብሎ ቢስማማ እንኳ ስምምነቱ ዋጋ የለውም።

ይህ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ባወጡት ጥናት፥ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከመሥራት የተነሣ ስትሮክ በሚባለው የአንጎል ደም ሥር ሕመምና በልብ ሕመም በ2016 ብቻ 745,000 ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ገምተዋል።

ጉዳቱም በደከመው ሰው ላይ ብቻ አይቀርም። የዛለ ዳኛ የባለጉዳዩን ቃል እስከ መጨረሻው ለመስማት ትዕግሥት ያጣል፤ የዛለ ጸሐፊ ቁጥር ያሳስታል፤ የዛለ ሹም ሊመክረው የሚገባውን ይቈጣዋል። ዕዳውን የሚከፍለው ግን ከሩቅ አገር ስንቁን ይዞ መጥቶ በደጅ የቆመው ድኻ ነው።

«ሹሙ ካረፈ የሕዝቡ ጉዳይ ይጓደላል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ነገሩ ከንቱ አይደለም፤ ኃላፊው ዕረፍት ላይ ናቸው እየተባለ ስንት ባለጉዳይ በከንቱ ተመላልሷል። ይሁን እንጂ ጥፋቱ የዕረፍቱ ሳይሆን የአሠራሩ ነው። ፊርማውንና ቁልፉን ለተተኪ ሳያስረክብ የሄደ ሹም ዐረፈ አይባልም፥ ሥራውን ጥሎ ሄደ ይባላል እንጂ። በአንጻሩም አንድ ሰው ለሁለት ሳምንት በመለየቱ የሚቆም መሥሪያ ቤት፥ ያ ሰው ሲታመም ወይም ሲሞት ምን ሊሆን ነው? ስለዚህ የሹም ትጋት የሚመዘነው በወንበሩ ላይ ባለበት ቀን ብቻ ሳይሆን በሌለበትም ቀን ነው። ምክትሉን አሠልጥኖ፥ መዝገቡን አስተካክሎ፥ ውክልናውን በጽሑፍ ሰጥቶ የሚያርፍ ሰው መሥሪያ ቤቱንም ያጸናል፥ ወራሹንም ያዘጋጃል።

ዕረፍትና ስንፍናም አንድ አይደሉም። ሰነፍ ከሥራ ይሸሻል፤ ያረፈ ሰው ግን ወደ ሥራው ይመለሳል። ዕረፍቱንም በመጠጥና በወሬ ያባከነ ከሄደበት ይልቅ ደክሞ ይመጣል። ቤተ ሰቡን የጠየቀ፥ መጽሐፍ ያነበበ፥ የታመመ ወዳጁን የጐበኘ፥ በጸጥታ ነገሩን ያሰላሰለ ግን አእምሮው ታድሶ ይገባል።

እንግዲህ አለቃ የሆነ ሁሉ አስቀድሞ ራሱ በጊዜው ዐርፎ ለበታቾቹ ምሳሌ ይሁን፤ የእነርሱንም ፈቃድ በየምክንያቱ አያስተላልፍ። ቀስት ሁልጊዜ ተገትሮ ቢኖር ይላላል፤ በጊዜው የተፈታ ግን በሚፈለግበት ቀን ኃይሉን ያገኛል።