በደም ምርመራ ወረቀት ላይ ያለችው ኮከብ ምን ትነግረናለች?



እዚህ ነታኒያ ውስጥ ከኩፓት ሆሊም የደም ምርመራ ውጤት ስንቀበል፣ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ከቁጥሩ ጎን በምትቀመጠው ኮከብ ላይ ነው። ኮከብ ካለች "ታምሜአለሁ" ብለን እንጨነቃለን። ከሌለች ደግሞ "ተመስገን፣ ምንም የለብኝም" ብለን ወረቀቱን እንጥለዋለን። ሁለቱም ሊያሳስቱን ይችላሉ። ምክንያቱን ለመረዳት "ኖርማል" የሚባለው መጠን ከየት እንደሚመጣ እንመልከት።

ለብዙዎቹ ምርመራዎች አሠራሩ እንዲህ ነው። ብዙ ጤነኛ ሰዎች ደም ይሰጣሉ፤ 1,000 ናቸው እንበል። ውጤታቸው ከትንሹ እስከ ትልቁ በተርታ ይደረደራል። ከታች 25ቱ፣ ከላይም 25ቱ ይተዋሉ። በመካከል የቀሩት የ950ዎቹ ውጤት "ኖርማል" ይባላል። ልብ በሉ፤ የተተዉት 50 ሰዎችም ጤነኞች ነበሩ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ምርመራ ከ20 ጤነኛ ሰዎች አንዱ ኮከብ ይደርሰዋል ማለት ነው። በአንድ ወረቀት ላይ 20 ምርመራዎች ቢኖሩና አንዱ ከሌላው ጋር የማይያያዝ ቢሆን፣ ከ100 ጤነኞች 64ቱ ያህል ቢያንስ አንድ ኮከብ ያገኛሉ።

ሌላው ጥያቄ የተደረደሩት ሰዎች እነማን ናቸው የሚለው ነው። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ሰውነታችንን ከተላላፊ በሽታ የሚከላከሉ ናቸው። ከኢትዮጵያና ከየመን በመጡ አይሁዶች ዘንድ ቁጥራቸው ያለ ምንም በሽታ ዝቅ ብሎ ሊገኝ እንደሚችል የእስራኤል ሐኪሞች በ1980ዎቹ ጽፈዋል። በ2009 የወጣ ጥናት ደግሞ በአፍሪካ ዝርያ ሰዎች ዘንድ ይህ የሚመጣው "ዳፊ" ከሚባለው የደም ዓይነት ጋር ከተያያዘ የዘር ውርስ መሆኑን አሳየ። ይኸው ውርስ ከአንድ የወባ ዓይነት ይከላከላል። በአውሮፓውያን ደም የተሠራ መለኪያ ግን እንዲህ ያለውን ጤነኛ ሰው ኮከብ ይለጥፍበታል። ይህ ማለት ዝቅተኛ ቁጥር ሁሉ ከዘር የመጣ ነው ማለት አይደለም። መድኃኒትም በሽታም ሊያወርደው ይችላል። ሐኪሙ ለመለየት ከሚረዱት ነገሮች አንዱ፣ ቁጥሩ ከዓመት ዓመት እንዲያው የቆየ ነው ወይስ አሁን የወረደ የሚለው ነው።

ይህን ነገር በሰፊው የመረመሩት በረሆቮት የሚገኘው የዋይዝማን ተቋምና የክላሊት ኩፓት ሆሊም ተመራማሪዎች ናቸው። በ2021 ባወጡት ጥናት የ2.8 ሚሊዮን ሰዎችን የ18 ዓመት መረጃ በኮምፒውተር መረመሩ። የምርመራው ውጤት ብዛት 2.1 ቢሊዮን ነበር፤ የምርመራውም ዓይነት 92። በሽታና መድኃኒት ቁጥሩን የለወጡባቸውን ውጤቶች እየለዩ አወጡና ጤነኞቹን አነጻጸሩ። በጤነኞች መካከል ያለው ልዩነት በዕድሜና በፆታ ብቻ የሚገለጸው፣ ከ92ቱ ምርመራዎች በ89ኙ፣ ከ10 ከመቶ በታች ሆኖ ተገኘ። የሰውየው የራሱ የቀድሞ ውጤት ሲጨመር ግን በግማሾቹ ምርመራዎች ከ36 ከመቶ በላይ፣ በ17ቱ ደግሞ 60 ከመቶ ያህሉ ተገለጸ። ባጭሩ፣ ለሰው ከሁሉ የተሻለው መለኪያ ራሱ ነው።

ይህን ከብት ያረባ ሰው ያውቀዋል። አንዷ ላም ሁልጊዜ ሁለት ሊትር የምትሰጥ ከሆነ ዛሬም ሁለት ብትሰጥ ማንም አይደነግጥም። አራት ሊትር የምትሰጠው ላም ሁለት ብትሰጥ ግን ባለቤቷ "ምን ነካት?" ይላል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን ለየቅል ነው።

ደማችንም እንደዚሁ ነው። ለምሳሌ የአንድ አባት ሄሞግሎቢን ለብዙ ዓመታት 16.5 ቆይቶ ዘንድሮ 13.6 ቢሆን፣ ቁጥሩ ከ13 በላይ ስለሆነ ኮከብ ላይኖረው ይችላል። ነገር ግን በብዙ ወርዷል። ምናልባት በሆድ ውስጥ ቀስ በቀስ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

አንድ ነገር እንዳይምታታ። የስኳርና የኮሌስትሮል መጠን የተወሰነው ሰዎችን በመደርደር ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጉዳት እንደሚያመጣ ስለታወቀ ነው። ሳይበሉ የተለካ ስኳር 126 እና ከዚያ በላይ በድጋሚ ምርመራም ከተገኘ፣ የስኳር በሽታ ነው። "የኔ ድሮም እንዲህ ነው" ብሎ መተው አይገባም።

እንግዲህ የምንመክራችሁ ይህን ነው። የቆዩ ውጤቶቻችሁን አትጣሉ፤ በአንድ ፖስታ አስቀምጧቸው። ኩፓት ሆሊም ከቀየራችሁ የቀድሞዎቹን ይዛችሁ ሂዱ። ልጆቻችሁ ከኩፓው ድረ ገጽ እንዲያትሙላችሁ ጠይቋቸው። ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ "ኖርማል ነው ወይ?" ብቻ ብላችሁ አትመለሱ፤ "ከበፊቶቹ ጋር ሲታይስ እንዴት ነው?" በሉ። ዕብራይስጥ ካስቸገራችሁ አማርኛ የሚችል አስተርጓሚ ጠይቁ። ኮከብ አየሁ ወይም አላየሁም ብላችሁም ያለ ሐኪም ምክር መድኃኒት አትጀምሩ፣ አታቋርጡም።