የጥበብ ሰው በምን ይተዳደራል?

አንድ ተማሪ ድምፁ ያማረ ወይም እጁ ለሥዕል የተፈታ ሆኖ ሲገኝ ዘመዶቹ በመጀመሪያ ደስ ይላቸዋል፤ ትንሽ ቆይተው ግን «ለመሆኑ ይህ ነገር እንጀራ ይሆናል?» ማለታቸው አይቀርም። ይህን እንደ ንቀት ቈጥሮ ማለፍ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ወላጆች እንዲህ የሚሉት በዐይናቸው ያዩት ነገር ስላለ ነው። በእብናትም ሆነ በጋይንት፣ በፋርጣም ሆነ በደብረ ታቦር፣ ማታ ሰው ሁሉ እልል ያለለት ባለሙያ በማግሥቱ የጤፍ መግዣ ሲበደር ታይቷል። ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነውና በቁም ነገር ሊመረመር ይገባዋል።

በአገራችን በጥበቡ ሲተዳደር የኖረ ሰው ይፈለግ ቢባል ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው አዝማሪ ነው። የአዝማሪ መነሻ ካፒታል አነስተኛ ነው። ማሲንቆው ከእንጨት፣ ከቁርበትና ከፈረስ ጭራ የሚበጅ ስለ ሆነ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይሠራዋል። ግጥሙንም ከሌላ ሰው አይገዛም፤ እዚያው እንደ ቆመ ይፈጥረዋል። ታዲያ መሣሪያውም ዕውቀቱም የራሱ ሆኖ ሳለ ስለ ምን ኑሮው አልጠና አለ? እንደሚመስለኝ ምክንያቱ የሚያገኘው ገንዘብ ሽልማት እንጂ ዋጋ ባለመሆኑ ነው። ተጋባዡ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያሳምርለታል፤ ሰውዬውም ደስ ካለው ከግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል፤ ደስ ካላለው ደግሞ ዝም ብሎ ጠላውን ይጠጣል። የሥራውን ዋጋ የሚቈርጠው ሠሪው ሳይሆን ሰጪው ነው ማለት ነው። በዚህ ላይ ሥራው እንደ እርሻ ወቅት አለው። ሠርግ የሚበዛው እህል ከገባ በኋላ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው፤ በዐቢይ ጾም ሠርግ የለም፤ ክረምትም ሲገባ ሰው ሁሉ ወደ ማሳው ይመለሳል። በጥር የተገኘው በጥር ካለቀ በመጋቢት ምን ይበላል?

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። በጎንደር አካባቢ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት በሸማ ላይ ተሥሎ ከግድግዳ የተለጠፈውን ሥዕል በደንብ የተመለከተ ሰው፣ ከቅዱሳኑ እግር በታች ተደፍቶ የሚታየውን ሥዕሉን ያሠራውን ባለጸጋ ያገኘዋል። የሠዓሊው ስም ግን እምብዛም አይገኝም።

ሽልማትን ወደ ዋጋ ለመለወጥ አንደኛው መንገድ ጥበቡ የሚታይበትን ቤት መያዝ ነው። እንግሊዛዊው ሼክስፒር ሀብት ያፈራው ተውኔት በመጻፉ ብቻ አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1599 በለንደን በተሠራው ግሎብ በተባለው ቲያትር ቤት ባለድርሻ ስለ ነበረ፣ ከበር ከሚሰበሰበው ገንዘብ ድርሻውን ያገኝ ነበር። የእኛም አገር ምሳሌ አለው። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ በአዲስ አበባ ካዛንቺስ በነበረው ፈንድቃ በተባለ አዝማሪ ቤት ያለ ደመወዝ፣ በሽልማት ብቻ ሲወዛወዝ ቆይቶ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቤቱን ራሱ ይመራው ጀመር፤ በኋላም የሥዕል ማሳያ ጨምሮ የባህል ማዕከል አደረገው። ኢትዮ ከለር የተባለ ቡድን አቋቁሞም ወደ ውጭ አገር እየወጣ አሳየ። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ለመልሶ ልማት ሲፈርስ ያ ቤት አብሮ ፈረሰ። ቤት ይፈርሳል፤ ቡድን ግን እግር ስላለው ሌላ መድረክ ይፈልጋል።

ሁለተኛው መንገድ ቅጂ ነው። ዘፋኝ በአንድ ሌሊት በአንድ ዳስ ብቻ ይዘፍናል፤ የተቀረጸው ድምፁ ግን በሺህ ቤት ይሰማል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ስመ ጥር የሆኑት ዘፋኞች አብዛኞቹ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት ወይም የፖሊስ ኦርኬስትራ ባልደረቦች ሆነው በወር ደመወዝ ይኖሩ ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት ደግሞ በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ሱቅ ባለቤት ግን በ1961 ዓ.ም. ገደማ ይህን ክልከላ ደፍሮ፣ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርጾ ሸክላውን ወደ ውጭ አገር ልኮ አሳተመ። የከለከለው አልተገኘም። አምሃ በ1967 ዓ.ም. አገር ጥሎ እስኪሄድ ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችና 12 ረጃጅም ሸክላዎች አወጣ። እነዚያ ዘፈኖች ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይሰማሉ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አምሃ ዘፋኝ አለመሆኑ ነው። ጥበብን ከገበያ የሚያገናኝ ሰውም ለጥበቡ የዘፋኙን ያህል ያስፈልጋታል፤ ምናልባት ከእኛ መካከል ድምፅ ያልተሰጠው ግን ሒሳብ የሚወድ ተማሪ ቢኖር ይህ ሥራ የሚስማማው ይመስለኛል።

የሠዓሊው የአፈወርቅ ተክሌ ነገር ደግሞ ሌላ ያስተምራል። በ1946 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር ተመልሶ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የመጀመሪያውን የሥዕል ትርኢት አሳየ። ከትርኢቱ ያገኘውን ገንዘብ ቤት አልሠራበትም፤ በአውሮፓ አገሮች ሁለት ዓመት ያህል እየተዘዋወረ ተማረበት እንጂ። በዚያ ጊዜ ያጠናው የባለ ቀለም መስታወት ሥራ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር ለሚሆነው ታላቅ ሥራው አበቃው። ከዚህም ሌላ ለፖስታ ቴምብር ንድፍ መሥራትን አልናቀም።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ሲኬድ ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ አውራ አምባ የተባለው መንደር ይገኛል። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተ ማኅበረሰብ ነው። ለሁሉ የሚበቃ የእርሻ መሬት ስላልነበራቸው ሽመናን ያዙ፤ ወፍጮም አቆሙ። በብዙ ቦታ ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ሥራ ተብሎ ሲለይ፣ እነርሱ ዘንድ ሴትም ወንድም ይሸምናል። የሸመኑትን ራሳቸው በመንደራቸው ሱቅ ለጎብኚ ይሸጣሉ። ጎብኚው የመጣው አኗኗራቸውን ለማየት ነው፤ ሲመለስ ግን ጋቢ ወይም ፎጣ ይዞ ይመለሳል። ብቻውን ገበያ የሚወጣ ሸማኔ ሲመሽበት ነጋዴው በጠራው ዋጋ ይሸጣል፤ ለማኅበሩ ግን ያልተሸጠው ጋቢ ሱቁ ውስጥ ያድራል።

ዋጋ መቍረጥ የማያውቅ ባለሙያ ግን ቤትም ማኅበርም ቢኖረው ይከስራል። ለስሌት ያህል አንድ ተማሪ ሥዕል ሠርቶ ሸጠ እንበል። ለሸራ 180 ብር፣ ለቀለም 120 ብር፣ ለፍሬም 200 ብር አወጣ፤ ድምሩ 500 ብር ነው። ሥዕሉን በ900 ብር ሸጦ 400 ብር አተረፍሁ ብሎ ይደሰታል። ነገር ግን አራት ቀን ሠርቶበታል፤ ስለዚህ የቀን ገቢው 100 ብር ነው። በቀን ሥራ 250 ብር ይከፈለው ከነበረ፣ በአራቱ ቀን 1000 ብር ያገኝ ነበርና ሥዕሉ 1500 ብር ሊያወጣ በተገባው ነበር። ገዢው ይህን ያህል አልከፍልም ካለ፣ ሠሪው ወይ አነስ ያለ ሥዕል ይሥላል፣ ወይ ሌላ ገዢ ይፈልጋል፤ ቢያንስ ግን ስንት እንደ ጎደለበት ያውቃል።

የቀረው የመብት ነገር ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 የደራሲውን የገንዘብ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ዘፋኝና ተወዛዋዥም በአዋጁ አጠራር «ከዋኝ» ተብለው የራሳቸው መብት አላቸው። ይህ ለአዲስ አበባ ሰዎች ብቻ የተጻፈ አይደለም። በዛሬ ሠርግ አንድ አዝማሪ ሲጫወት ስልክ የሚደግንበት ሰው ብዙ ነው፤ የተቀረጸውም በማግሥቱ ዩቲዩብ ላይ ይወጣና ተመልካች ከበዛለት ገቢው ለለጠፈው ሰው ይሆናል። አዝማሪው ያገኘው በግንባሩ የተለጠፈለትን ብቻ ነው። ስለዚህ መቅረጽ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ቢያስፈቅድ፣ ከሚገኘው ገንዘብ የአዝማሪው ድርሻ ስንት እንደ ሆነ በአንዲት ወረቀት ቢጻፍ፣ ሁለቱም ቢፈርሙና ሁለት ምስክር ቢጨመር ነገሩ ይቃናል። አዝማሪው መጻፍ የማይችል ከሆነ ወረቀቱን ሊያዘጋጅለት የሚችል ተማሪ በየሠርጉ ቤት አይጠፋም።