ዶሮውን ማን ይባርክ?

በእግዜር ለማያምን እንደ እኔ ላለ ልጅ የፋሲካ ትልቁ ፈተና ቅዳሴ ሳይሆን ዶሮ ነው። በኦርቶዶክስ ቤት ዶሮ የሚታረደው «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ተብሎ ነው፤ ያለዚያ አይበላም። ቢላዋው ደግሞ የሚሰጠው ለወንድ ልጅ ነው። ቃሉን ለአፌ ያህል ብዬ ባርድ የሚበሉት እነ እማዬ ናቸው። ስለዚህ እኔ ክንፍና እግሩን እይዛለሁ፣ ታናሽ ወንድሜ ባርኮ ያርዳል።

በቀረው ነገር አልለይም። 55ቱን የሁዳዴ ቀናት ቤት ውስጥ የተሠራውን ሽሮ እበላለሁ፤ ለእኔ ተብሎ ሌላ ድስት አይጣድም። ሽንኩርት እልጣለሁ፣ ለዶሮው ብር አዋጣለሁ፣ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ «እንኳን አደረሳችሁ» እላለሁ።

ቁርባን ላይ ግን አቆማለሁ። እማዬ «ለእኔ ስትል» ብላኛለች። እሷ ሥጋ ወደሙ ብላ የምትንቀጠቀጥለትን እኔ ለይሉኝታ ብቀበለው እምነቷን መናቅ ነው። ይሄንኑ ስነግራት አለቀሰች። ቆይታ ግን «ቢያንስ አልዋሸኸኝም» አለች።

እንደ እኔ የሆናችሁ፣ «አለ፣ የለም» የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን አቆዩት። በበዓል ቀን ሽንኩርቱን ላጡ።