ውሃ የሚያስገባ ጀልባ

ከሞጣ ተነስቶ ባሕር ዳር የገባ መንገደኛ የጣናን ደሴቶች በአንድ ቀን አይቶ መመለስ ይችላል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ ማዕበሉ ስለሚበረታ ማለዳ መነሳት ይሻላል። ጊዜ ያጠረው ክብራን ደሴትና የዘጌ ልሳነ ምድር ይበቁታል። ቀኑን ሙሉ የሰጠ ደግሞ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል አፅም ወዳረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ፣ እቴጌ ምንትዋብ ወዳሠሩት ናርጋ ሥላሴ ይዝለቅ። ዳጋና ክብራን ሴቶች አይገቡም። ይህን ማንም አስጎብኚ ይናገራል፤ ብዙዎቹ ዝም ብለውት የሚያልፉት ታንኳን ነው።

ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ደንገሉ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በእቅፍ በእቅፍ እየታሰረ ጫፉ ሽቅብ ይታጠፋል። በዚህ ሙያ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። ቀዛፊው ጠፍጣፋ መቅዘፊያ የለውም፤ ረጅም ዘንጉን ግራና ቀኝ እያፈራረቀ ይሄዳል። ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ባሕር ዳር ገበያ የሚደርሰው እንዲህ ነው። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺስማንም የጣናን ደሴቶችና ገዳማት ለማጥናት የዞረው በታንኳ ነበር።

እንግዶች በሞተር ጀልባ ሲያልፉ ታንኳውን ያዩና «ውሃ ገብቶበታል፣ ሊሰጥም ነው» ይላሉ። ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁ ቁጥርም ለማስረዳት እሞክራለሁ። የብረት ጀልባ የሚንሳፈፈው ውሃን ከውጭ ስለሚያስቀር ነው፤ ከተቀደደ አበቃለት። ታንኳ ግን ውሃን ለማስቀረት አልተሠራም። ውሃው በእስሮቹ መሐል ይገባል፣ ይወጣል። ሦስት ማዕዘን የሆነው የደንገል ግንድ ውስጡ ነጭና ለስላሳ ነው፤ አየር የያዘም ነው። የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ነው። ስለዚህ የቀዛፊው እግር መርጠቡ አደጋ አይደለም። አደጋው ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ መክበዱ ነው፤ ያም የሚመጣው ቀስ በቀስ ነው። ታንኳ ዕድሜው አጭር የሆነውም፣ ከሥራ መልስ ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ የሚቆመውም ለዚህ ነው።

ለተጠራጠረ ሰው የቶር ሄየርዳልን ነገር እነግረዋለሁ። ኖርዌያዊው እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» የተባለች የደንገል መርከብ ሲያሠራ ደንገሉ የታጨደው ከጣና ነው፤ ሠሪዎቹ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ነበሩ። መርከቧ አትላንቲክን ብዙውን ክፍል አቋርጣ በመጨረሻ ተጎድታ ተተወች። በዓመቱ ተተኪዋ «ራ ሁለት» ከሞሮኮ ተነስታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ጣና ላይ የበቀለ ደንገል ውቅያኖስ ላይ ሳምንታት ከቆየ፣ ከዘጌ ባሕር ዳር መድረሱ ምን ያስደንቃል?

እኔ ያደግሁት ሞጣ ነው፤ ጣናን ከማየቴ በፊት ከጣና የሚወጣውን ዓባይን አውቅ ነበር፤ በሰባራ ድልድይ ሥር የሚያልፈውን። የድልድዩ ቅስት በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተሰበረ በኋላ ሰው ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ይሻገርበት ነበር። በእጁ ባለው ነገር ውሃ የሚሻገርን ሰው ማቃለል የማልወደው ከዚያ ጀምሮ ይመስለኛል።

ስለዚህ ለጎብኚዎች የምለው አለኝ። ታንኳ ሲያገኙ የሞተር ጀልባውን ነጂ ፍጥነት እንዲቀንስ ይጠይቁት፤ የሞተሩ ማዕበል የተጫነውን ማገዶ ይበትናል፤ ቀዛፊውንም ይጥለዋል። ነጂዎች ይህን አያጡትም፤ ግን ይቸኩላሉ። የውሃ ፕላስቲክ ወደ ደንገሉ አይወርወር። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ እምቦጭ የተባለው አረም ሐይቁን እያስጨነቀው ነው፤ የደንገሉም ቦታ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ ነው፤ ደንገል ከሌለ ደግሞ ታንኳ የለም።

ዳርቻ ላይ ዛፍ ተደግፈው የቆሙት ታንኳዎችም የተጣሉ አይደሉም፤ እየደረቁ ነው። ለፎቶግራፍ ብሎ አጋድሞ መቀመጥ እስሩን ያላላል። ፎቶ ማንሳት የፈለገ ባለቤቱን ያስፈቅድ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከዛፉ ጥላ ሥር አይርቅም።