ማዕበልም ሙላትም ከሩቅ ይመጣል

የባሕር ጠረፍ የሌለው አገር ሰው ስለ ባሕር ማዕበል ምን አገባው? የሚል አንባቢ አይታጣም። በእርግጥም አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የባሕር ጠረፍ የላትም። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ተነሥቶ ማዕበል በአሸዋ ላይ ሲሰበር ለማየት የሚሻ ሰው ድንበር መሻገር ግድ ይሆንበታል። ነገር ግን በባሕር ዳር የሚኖሩ ሰዎች ማዕበልን የሚመረምሩበት ዕውቀትና የምዕራብ ጎጃም ገበሬ በክረምት ወንዝን የሚመረምርበት ዕውቀት አንድ ሥር ያላቸው ናቸው። ይህንንም ዕውቀት ማወቅና አለማወቅ በየክረምቱ የሰው ነፍስ የሚያድን ወይም የሚያጠፋ ጉዳይ ስለ ሆነ፣ በተለይ ለሥራ ወደ ገጠር የሚሄዱ ወጣቶች ልብ ሊሉት ይገባል።

በሃዋይ፣ በካሊፎርኒያ፣ በአውስትራሊያና በደቡብ አፍሪካ ጠረፎች ሰርፊንግ የሚባል ጨዋታ አለ። ይኸውም ሰው በሳንቃ ላይ ቆሞ፣ ማዕበሉ ወደ ዳር ሲገፋው እየተንሸራተተ የሚመጣበት ጨዋታ ነው። ጨዋታው የሚያምረው ባሕሩ ሲመች ብቻ ነውና ተጫዋቾቹ ገና ጎሕ ሳይቀድ «ዛሬ ባሕሩ እንዴት ነው? ነገስ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱን የሚፈልጉት ግን በራሳቸው ላይ ካለው ሰማይ አይደለም። ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ተኝቶ ሳለ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ማዕበል ከጥልቁ ባሕር ተሰልፎ ሊመጣ ይችላልና ነው።

የዚህን ምክንያት ለመረዳት ጣናን እናስታውስ። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር ገደማ አይበልጥም። በሐይቁ ላይ የሚነሣው ማዕበል ነፋሱ ሲነሣ ይነሣል፤ ነፋሱ ሲተኛም ብዙ ሳይቆይ ይተኛል። የደንገል ታንኳ ቀዛፊዎች ከሰዓት በኋላ ከሚነሣው ነፋስ ይልቅ የጠዋቱን ጸጥታ የሚመርጡት ስለዚህ ነው። በውቅያኖስ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ ብርቱ ነፋስ በሺህ ኪሎ ሜትር በሚቆጠር ስፋት ላይ ለቀናት ሲነፍስ የሚወለደው ማዕበል፣ ነፋሱ ካቆመ በኋላ እንኳ ጉዞውን ይቀጥላል። ከአንዱ ማዕበል ጫፍ እስከ ተከታዩ ጫፍ 16 ሴኮንድ የሚያልፍ ከሆነ፣ የማዕበሉ ጭፍራ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይህም በቀን ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ስለዚህ 4 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የተነሣ ማዕበል ወደ ጠረፉ የሚደርሰው በአራተኛው ቀን ገደማ ነው። ዛሬ በጠረፍ የሚሰበረው ማዕበል የዛሬ ሰማይ ሥራ አይደለም፤ ከሦስትና ከአራት ቀን በፊት በሌላ አገር የነበረ ሰማይ ሥራ ነው።

ይህን ምስጢር በቁጥር ካስቀመጡት ሊቃውንት መካከል ሃራልድ ስቨርድሩፕና ወልተር ሙንክ ዋነኞቹ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር ጀልባዎች ወደ ጠላት ጠረፍ የሚቀርቡበትን ቀን ለመምረጥ የሚያስችል የማዕበል ትንበያ ዘዴ አወጡ። ግንቦት 29 ቀን 1936 ዓ.ም. የተፈጸመው የኖርማንዲ ማረፍ በዚህ ዘዴ ተጠቅሟል። ለማረፉ አስቀድሞ የተቆረጠው ቀን ግንቦት 28 ነበር፤ ነገር ግን አየሩና ባሕሩ ስለ ከፋ ያ ሁሉ ሠራዊት አንድ ቀን እንዲቆይ ተደረገ። ሙንክም በ1955 ዓ.ም. ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በደቡብ ንፍቀ ክበብ የተነሣው ማዕበል ከ10 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እስከ አላስካ መድረሱን በመሣሪያ ተከታትሎ አሳይቷል። ዛሬ ሳተላይትና በባሕር ላይ የሚንሳፈፍ መለኪያ ስላለ ለቀጣዩ ሳምንት የሚሆን ትንበያ ለማንም ይገኛል።

የሆነ ሆኖ ትንበያው ብቻውን አይበቃም። የጠረፉ ወለል አሸዋ በሆነበት ስፍራ ማዕበሉ የሚሰበረው የውኃው ጥልቀት ከማዕበሉ ቁመት በሲሶ ያህል ብቻ ሲበልጥ ነው። አሸዋውን ግን እያንዳንዱ ዐውሎ ነፋስ ያነሣዋል፣ ያዛውረዋል፣ እንደ ገና ይከምረዋል። ባለፈው ወር ደህና የነበረው ስፍራ በዚህ ወር ገደል ሊሆን ይችላል። ከዚያም በላይ ማዕበል ሳይሰበርበት ጸጥ ብሎ የሚታየው መተላለፊያ፣ ለማያውቅ ሰው መግቢያ በር ይመስለዋል። እውነቱ ግን በዚያ ያለው ውኃ ጥልቅ መሆኑ ነው፤ ከዳር የተመለሰው ውኃም ሰውን ይዞ ወደ ጥልቁ የሚሄደው በዚያው ነው። ስለዚህ ብልኅ ተጫዋች ልብሱን ከማውለቁ በፊት ዳር ቆሞ ሩብ ሰዓት ያህል ባሕሩን ይመለከታል። ሦስት ነገርም ይጠይቃል፤ ውኃው ከየት ተነሣ? መቼ ይደርሳል? ወለሉስ ዛሬ እንዴት ነው?

አሁን ከባሕሩ ወጥተን ወደ አገራችን እንመለስ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ቡሬ የሚወስደው አውራ ጎዳና በደምበጫ በኩል ተምጫን፣ ከጅጋ ወዲህ ብርን፣ በፍኖተ ሰላም አጠገብ ላህን ይሻገራል። በቡሬ በኩል ደግሞ ፈጣም አለ። ሁሉም በመጨረሻ ወደ አባይ ይወርዳሉ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሐይቅም ይገባሉ። በአውራ ጎዳናው ላይ ድልድይ ስላለ በመኪና የሚያልፍ መንገደኛ ውኃውን በመስኮት አይቶ ይረሳዋል። ከጎዳናው ወጥቶ ወደ ቀበሌ በሚወርደው መንገድ ላይ ግን ድልድዩ ያልደረሰባቸው መልካዎች አሁንም ብዙ ናቸው። ገበያተኛው፣ ተማሪው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ክትባት የያዘው የጤና ሠራተኛ ሁሉም የሚያልፉት በዚያ ነው።

በሐምሌ ወር አንድ ወጣት መምህር ወይም የግብርና ሠራተኛ ከብር ሸለቆ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላም ሊሻገር ከወንዙ ዳር ደረሰ እንበል። ጊዜው ጠዋት ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ውኃው ከጉልበት የሚያልፍ አይመስልም፣ በከተማ የሚጠብቀው ስብሰባም አለ። ጫማውን ሲፈታ ከዳር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ይናገሩታል።

«ጌታው፣ ጥቂት ቢቆዩ ይሻላል።»

«አባቴ፣ ሰማዩ ብራ አይደለም እንዴ?»

«ሰማዩ የኛ ነው፤ ውኃው ግን የደጋ ነው። ሌሊቱን በላይ በኩል ሲያጉረመርም አድሯል።»

ሽማግሌው የተናገሩት ሊቃውንቱ በጦርነት ጊዜ ካሰሉት ጋር አንድ ነው። በስሌት እንየው። ውኃ በሴኮንድ ሁለት ሜትር ቢጓዝ በሰዓት ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በደጋው ዝናቡ ብዙውን ጊዜ የሚወርደው ከሰዓት በኋላና በማታ ነው። 40 ኪሎ ሜትር ርቆ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የወረደ ዝናብ ወደ መልካው የሚደርሰው ከሌሊቱ 4 ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ በእኩለ ሌሊት የወረደው ደግሞ ጠዋት፣ መንገደኛው ጫማውን በሚፈታበት ሰዓት ይደርሳል። ከዚህም በላይ የሙላቱ ግንባር ከውኃው ከራሱ ፈጥኖ ሊገሰግስ ይችላል። በሰፈሩ የሚነሣ ትንሽ ጅረት እንደ ጣና ማዕበል በዚያው ዝናብ ሞልቶ በዚያው ይጎድላል። እንደ ብር ያለው ትልቅ ወንዝ ግን እንደ ውቅያኖስ ማዕበል የሩቅ አገር መልእክተኛ ነው።

ይህን የዘነጋ ከተማ ምን እንደሚደርስበት ድሬዳዋ አሳይታናለች። በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. በሌሊት፣ ከላይ ካሉት ደጋዎች የወረደው ዝናብ ደረቁን የደቻቱን አሸዋ ሞልቶ በተኙ ሰዎች ላይ መጣ፤ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችም አለቁ። ድሬዳዋ ቆላ ናት፣ ጎጃምም ውኃ የማይለየው ደጋና ወይና ደጋ ነው፤ ነገር ግን የደራሽ ውኃ ሕግ በሁለቱም ስፍራ አንድ ነው።

የክረምቱን አካሄድ በወራት ከፍለን ብናየው እንዲህ ነው። በሰኔ መሬቱ ገና የተጠማ ስለ ሆነ የመጀመሪያውን ዝናብ ይጠጣዋል፤ ወንዙ ድንገት ሞልቶ ድንገት ይጎድላል። በሐምሌና በነሐሴ መሬቱ ጠግቧል። በሰኔ ቁርጭምጭሚት ያህል ውኃ ያመጣው ዝናብ በነሐሴ ወገብ ያህል ሊያመጣ ይችላል። አባይ ከፍተኛውን ሙላቱን የሚያሳየው በነሐሴ ሲሆን፣ ከዓመቱ ውኃ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚፈሰው በክረምቱና ወዲያው በሚከተለው ጊዜ ነው። በመስከረም ውኃው መጉደል ይጀምራል፤ ሰውም ይደፋፈራል። ነገር ግን ክረምቱ አሸዋውንና ጠጠሩን አዛውሮ የአምናውን መልካ ዘንድሮ ጉድጓድ አድርጎት ሊሆን ይችላል። «ይህን መንገድ አውቀዋለሁ» የሚል ሰው የሚያውቀው የአምናውን ወንዝ ነው።

ስለዚህ የገጠሩ ሰው ከልጅነቱ የሚማራቸውን ምልክቶች የከተማው ልጅም ቢማር አያፍርበትም። ጠርቶ የነበረ ውኃ ድንገት ሲደፈርስ፣ ገለባ፣ ጭራሮና አረፋ ይዞ ሲመጣ፣ ከላይ በኩል ያልነበረ ድምፅ ሲሰማ፣ ሙላቱ ደርሷል ማለት ነው። በውኃው ዳር ቀጭን እንጨት ተክሎ ሩብ ሰዓት መመልከት ከማንኛውም ግምት ይሻላል፤ ውኃው እንጨቱን ወደ ላይ እያረጠበ ከሄደ ወንዙ እየሞላ ነውና መቀመጥ ነው። ሰፍቶ፣ ተንተርክኮ የሚጮኸው ስፍራ ብዙውን ጊዜ ጥልቀት የለውም፤ ጠቦ ጸጥ ያለው ስፍራ ግን ይዋጣል። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። የውኃ ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በኃይል የሚሮጥ ውኃ ከስንዝር ቢያንስ እንኳ ሙሉ ሰው ሊጥል፣ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን አብዛኛውን መኪና ሊወስድ ይችላል። በመኪናው ጉልበት የሚተማመን ሾፌር ይህን ያስብበት።

ነገር ግን ምክሩ ለመንገደኛው ብቻ ከሆነ ግማሽ ምክር ነው። የጎጃም ገዥዎች ጥንትም ጉዳዩን ያውቁት ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1870ዎቹ ዓ.ም. ሳሊምቤኒ በተባለው ኢጣሊያዊ አማካይነት በተምጫ ላይ ድልድይ ያሠሩት ክረምት አገራቸውን እንዳይከፍለው ነው። በዘመናችንም ብር በጅጋ አጠገብ፣ ላህ በፍኖተ ሰላም አጠገብ፣ ተምጫ በደምበጫ አጠገብ ከፍታቸው ሲለካ ኖሯል። የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤትም ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የወቅቱን ትንበያ ያወጣል። ይህ ሁሉ ለመሐንዲስና ለዕቅድ አውጪ ትልቅ ጥቅም አለው፤ በመልካው ዳር ጫማውን ለሚፈታው ልጅ ግን ዛሬ ጠዋት አይደርስለትም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በላይኛው ቀበሌ ያለ መምህር ከባድ ዝናብ በወረደ ቁጥር በታችኛው ቀበሌ ላለው ባልደረባው በስልክ ቢነግረው፣ ሰውየው ሳተላይት ባይኖረው እንኳ የአምስትና የስድስት ሰዓት ማስጠንቀቂያ አገኘ ማለት ነው። በየመልካው ዳር ቀይና ነጭ የተቀባ ግንድ ተተክሎ «ውኃው ቀዩን ከነካ አይሻገሩ» ቢባል ፊደል ያልቆጠረም ይረዳዋል። ወንዝ ተሻግረው የሚማሩ ልጆች ውኃው በሞላበት ቀን ስለ ቀሩ የማይቀጡበት፣ ሠራተኛውም ስለ ዘገየ የማይወቀስበት ደንብ ቢኖር ደግሞ ብዙ ነፍስ ይድናል። ሰው ወደ ሞላ ውኃ የሚገባው ሁልጊዜ ውኃውን ስለማያውቅ አይደለም፤ አንዳንዴ ማርፈዱን ከውኃው ይበልጥ ስለሚፈራ ነው። ለዚህ ደግሞ ተጠያቂው ወንዙ ሳይሆን አለቃው ነው።

ዛሬ ተማሪ የሆነው ነገ አለቃ ይሆናል። ያን ጊዜ ሠራተኛው ከወንዝ ማዶ ደውሎ «ውኃው ሞልቷል፤ እስኪጎድል ልቆይ» ሲለው ምን እንደሚመልስ ከአሁኑ ያስብበት። የኖርማንዲው ሠራዊት አንድ ቀን መቆየቱ ድሉን አላስቀረበትም፤ አንድ ስብሰባም ግማሽ ቀን ቢቆይ የሚጎድለው ነገር አይኖርም። የፍኖተ ሰላም ስም በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። በክረምት ወደዚያች ከተማ የሚያደርሰው የሰላም መንገድ አንዳንድ ጊዜ በወንዝ ዳር ተቀምጦ፣ ከሽማግሌው ጋር እየተጫወቱ፣ የተተከለችውን እንጨት መመልከት ነው።