የ15 ቀን ቪዛ፣ የ2 ዓመት ሥራ

የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. በምያንማር ድንበር የሚንቀሳቀስ አንድ የታጠቀ ቡድን ከኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ግቢዎች ያወጣቸውን 260 የውጭ ዜጎች ለታይላንድ አስረከበ። ከ20 ያህል አገሮች የተውጣጡ ነበሩ፤ ከመካከላቸው 138ቱ ኢትዮጵያውያን ናቸው። እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ የተገኘ ሰው ብዙውን ጊዜ ጉዞውን የጀመረው በሕጋዊ መንገድ ነው። ፓስፖርት አውጥቷል፣ ትኬት ቆርጧል፣ ባንኮክ ሲደርስም ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም ተመቶለታል። ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። በመኪና ወደ ድንበሯ ከተማ ወደ ሜ ሶት ተወሰደ፤ ከሜ ሶትም የሞኢን ወንዝ አሻግረው ምያንማር ውስጥ ወዳለችው ምያዋዲ አስገቡት።

ስለነዚህ ወጣቶች ሲወራ ጎልቶ የሚሰማው የደላላው ክፋት ነው። ክፋቱ እውነት ነው። ነገር ግን ደላላው የዋሸውን ሁሉ የታይላንድ የመግቢያ ደንብ አስቀድሞ አጋልጦት ነበር። የዛሬው ጽሑፌ ያንን ደንብ እንደ ኢኮኖሚ ሰነድ ያነባል፤ የሚያነበውም ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ መቀመጫ ከጉንደ ወይን ሆኖ ነው። እዚያ ያለ አርሶ አደር ልጁን ውጭ ለመላክ የሚሸጠው በሬ ወይም ለዓመታት የሚያከራየው ማሳ የቤተሰቡ ዋና ሀብት ነው። ሀብቱ ከወጣ በኋላ ስህተቱን ማረም አይቻልም፤ ስለዚህ ሰነዱ መነበብ ያለበት ገንዘቡ ከእጅ ሳይወጣ ነው።

ታይላንድ መዳረሻ ላይ ቪዛ ከምትሰጣቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያን አስገብታለች። በዚህ መንገድ የሚመጣ ሰው ሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ከፓስፖርት ቁጥጥሩ በፊት ወዳለው የቪዛ መስኮት ይሄዳል። ቅጽ ይሞላል፤ 4 በ6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ ያስገባል፤ 2,000 ባት ይከፍላል። በ15 ቀን ውስጥ ከታይላንድ የሚያስወጣውን ትኬት፣ የሚያርፍበትን አድራሻና ቢያንስ 10,000 ባት በእጁ መኖሩን ያሳያል። ከሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከመድረሱ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ የመግቢያ ካርዱን በኢንተርኔት እንዲሞላ ይጠየቃል። ካርዱ በነጻ ነው፤ “የካርድ” ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ ከመንግሥቱ ክፍያ ውጭ የራሱን እየሰበሰበ ነው።

እያንዳንዱ መስፈርት ስለ ጉዞው አንድ ነገር ይናገራል። የመመለሻ ትኬቱ “ትመለሳለህ” ይላል። ማሳያ ገንዘቡ “እዚህ የምትኖረው ከራስህ ኪስ ነው” ይላል። 15 ቀኑ ደግሞ ሁሉንም ይጠቀልለዋል። በዚህ ቪዛ የገባ ሰው ታይላንድ ውስጥ ተቀጥሮ መሥራት አይችልም። ለሥራ የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ በፊት የሥራ ቪዛ ማግኘት፣ እዚያም ሲደርስ የሥራ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ለዚህ የሚያስፈልገውን ሰነድ የሚያቀርበው ደግሞ ቀጣሪው ድርጅት ነው። እንግዲህ “የ2 ዓመት ኮንትራት አለህ፣ ቪዛው ግን እዚያው ስትደርስ ይሰጥሃል” የሚል ሰው ሲመጣ ቁጥሮቹ ራሳቸው እርስ በርስ ይጣላሉ። በ15 ቀን ፈቃድ 2 ዓመት አይሠራም። ማጭበርበሩን ለማወቅ እንግሊዝኛም የውጭ ዘመድም አያስፈልግም፤ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል።

ቀኑ ሲያልፍም ዋጋ አለው። ታይላንድ ከፈቃዱ በላይ የቆየን ሰው በቀን 500 ባት ትቀጣለች፤ ቅጣቱ የሚቆመው 20,000 ባት ሲደርስ ነው። ይህም በ40 ቀን ውስጥ ይሞላል። ከ90 ቀን በላይ ከቆየ ደግሞ ለተወሰነ ዓመት ተመልሶ እንዳይገባ ይታገዳል። ቀጣሪ ነኝ የሚለው ሰው ፓስፖርቱን ከቀማውና ቀኑ ካለፈበት፣ ወጣቱ ለፖሊስ ለመናገር ይፈራል፤ ራሱ ሕግ የጣሰ መስሎ ይታየዋልና። አዘዋዋሪዎች የአጭር ጊዜ ቪዛን የሚወዱት ቀላል ስለሆነ ብቻ አይደለም። ጊዜው ሲያልፍ ሰውየውን አፉን የሚያስይዝ መሣሪያ ይሆንላቸዋል።

ሌላው መስፈርት የቢጫ ወባ ክትባት ነው። የጎጃም ደጋ ሰው ይህን በሽታ አይቶት አያውቅም፤ አስተላላፊዋ ትንኝ በቆላው ነው የምትራባው። መስፈርቱ የሚመጣው ግን ከኢትዮጵያ ስም ጋር ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ በኦሞና በዴዴሳ ሸለቆዎች የተነሣው ወረርሽኝ ወደ 30,000 ሰው እንደገደለ ይገመታል። በቅርቡም በ2010 ዓ.ም. በወላይታ፣ በ2012 ዓ.ም. በጉራጌ ዞን በሽታው ታይቷል። በሌላ በኩል ሞቃታማዋ ታይላንድ በሽታው ባይኖርባትም ሊያስተላልፉ የሚችሉ ትንኞች ሞልተውባታል። አንድ ታማሚ ቢገባ የሚነሣው ወረርሽኝ በቱሪዝም ገቢ ለምትኖር አገር ከባድ ኪሳራ ነው፤ ስለዚህ መከላከያውን በር ላይ አደረገችው።

ክትባቱን በሚመለከት ሁለት ነገር ገንዘብ ያድናል። አንደኛ፣ ምስክር ወረቀቱ ሥራ ላይ የሚውለው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ትኬት ቆርጦ በዋዜማው የተከተበ ሰው ጉዞውን ሊያጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ ከሐምሌ 4 ቀን 2008 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ መሠረት አንድ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። “10 ዓመት አልፎታልና አድስ” ተብሎ የሚከፈል ገንዘብ ከንቱ ወጪ ነው።

አሁን ወጪውን እንይ። የጉንደ ወይን ወጣት ለፓስፖርት አሻራ ለመስጠት በሞጣ በኩል ባሕር ዳር ይወርዳል። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ቀጠሮው ያልፋል፣ የአዳርና የትራንስፖርት ወጪው ይደገማል። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣው ታሪፍ መደበኛ ፓስፖርት 5,000 ብር ነው፤ በ5 ቀን ለሚፈልግ 20,000፣ በ2 ቀን ለሚፈልግ 25,000 ብር ነው። ልብ በሉ፤ ያው ደብተር በጥድፊያ ብቻ 5 እጥፍ ይሆናል። ደላላ ደግሞ የሚሸጠው ጥድፊያ ነው፤ “በዚህ ሳምንት ካልሄድክ ቦታው ይያዛል” ይላል። ጥድፊያው የፓስፖርቱን ዋጋ ያንራል፣ የክትባቱን 10 ቀን ያሳጣል፣ ከሁሉ በላይ ግን የማጣሪያ ጊዜ ይነፍጋል።

ቪዛው ራሱም በብር ተወዷል። 2,000 ባት ወደ 60 ዶላር ግድም ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላሩ በ57 ብር ሲታሰብ 3,420 ብር ነበር። በ140 ብር ሲታሰብ 8,400 ብር ይሆናል። ማሳያው 10,000 ባት በዚሁ ስሌት 42,000 ብር ነው። ይህ ክፍያ አይደለም፤ ተመልሶ የሚመጣ ገንዘብ ነው። ሰውየው ከተበደረው ግን ወለዱ ይቆጠራል፣ እዚያም ደርሶ ደላላው ከተቀበለው ጨርሶ ቀረ ማለት ነው። የብር ዋጋ ሲወርድ ውጭ አገር የሚገኝ ደመወዝ በብር ሲመነዘር ትልቅ ይመስላል፤ የመሄጃውም ወጪ በዚያው ልክ እንዳደገ ግን ማስታወቂያው አይናገርም።

ቤተሰብ ሊይዘው የሚገባ ሌላው ማጣሪያ ማን ምን ይከፍላል የሚለው ነው። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትኬትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን፣ የመድን ሽፋንን በአሠሪው ላይ ጥሏል። የሠራተኛው ድርሻ እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ምስክር ወረቀት ያሉት ናቸው። ስምሪቱም የሚፈቀደው ኢትዮጵያ የሁለትዮሽ የሥራ ስምምነት ወደፈረመችባቸው አገሮች ነው፤ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ኳታር፣ ዮርዳኖስና የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ከነዚህ መካከል ናቸው። እንግዲህ ለቪዛና ለትኬት በሬ ሽጥ የተባለ አባት አንድ ነገር ይረዳ፤ ወጪው ከአሠሪው ወደ እሱ የዞረው ሕጋዊ አሠሪ ስለሌለ ነው። አባት ሆይ፣ በሬ ስትገዛ ጥርሱን ሳታይ ገንዘብ አትቆጥርም፤ ቪዛውንም እንዲሁ የየትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደሚያስቆይ፣ መሥራት ይፈቅድ እንደሆነ ሳታይ አትቁጠር።

ቪዛ በማይጠየቅበት አገርም መግቢያና የሥራ ፈቃድ ይለያያሉ። ኢትዮጵያዊ ወደ ኬንያ ያለ ቪዛ ይገባል፤ ሩዋንዳም በሯን ለአፍሪካውያን ከፍታለች። ይህ ለነጋዴውና ለቤተ ዘመድ ጠያቂው ትልቅ ጥቅም ነው። መግባት ግን መሥራት አይደለም፤ እዚያም ለሥራ ፈቃድ ይጠየቃል።

የግለሰብ ጥንቃቄ ብቻውን አይበቃም። ወጣቱ ደላላ የሚሰማው ከእሱ በቀር የሚነግረው ስለሌለ ነው። ሕጋዊው መረጃ አዲስ አበባ ሆኖ ሐሰተኛው ማስታወቂያ በቴሌግራም ጉንደ ወይን ከገባ፣ ማን እንደሚያሸንፍ የታወቀ ነው። የወረዳው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ አትሞ በየቀበሌው ግድግዳ፣ በትምህርት ቤቶችና በገበያ መግቢያ ቢለጥፍ ወጪው ኢምንት ነው። ወረቀቱ የሚያስፈልጉት 4 ጥያቄዎች ብቻ ናቸው። ቪዛው የጉብኝት ነው ወይስ የሥራ? ስንት ቀን ያስቆያል? ቪዛውንና ትኬቱን የከፈለው ማን ነው? ኤጀንሲው ፈቃድ አለው ወይ፣ አገሩስ ስምምነት የተፈረመበት ነው ወይ? ለጉዞ ብድር የሚጠይቅ ቤተሰብ ሲመጣም አበዳሪው ተቋም እነዚህኑ ቢጠይቅ ብድሩንም ቤተሰቡንም ያድናል።

ሥራ ፍለጋ መሰደድ ነውር አይደለም፤ ማሳው ከልጆች ቁጥር ጋር አብሮ የማያድግ ገበሬ ልጁን ወደ ውጭ ቢያስብ የሚያስወቅሰው የለም። የሚያስወቅሰው ሕጋዊው መንገድ ሩቅና ውድ፣ ሕገ ወጡ ቅርብና ፈጣን ሆኖ ዝም መባሉ ነው። የፓስፖርት አገልግሎቱ ወደ ዞን ከተማ ይቅረብ፤ የመዳረሻ አገሮች ስምምነት ይስፋ፤ የስምሪት መረጃው ወረዳ ይውረድ። እስከዚያው ግን የጉብኝት ቪዛ ይዞ ለሥራ የሚጠራን ሰው አንድም ቤተሰብ በሬውን ሸጦ እንዳይከተል።